ባለ 4 በ 5 ኢንች ካሜራ አጠቃቀም፦ እንቅስቃሴው፣ ሌንሱና ተጓዳኝ ዕቃው

ትልቅ ፎርማት ካሜራ ቤቱ ያስገባ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው የብሎኖቹ ብዛት ነው። የፊተኛው ፍሬም ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ያዘነብላል፣ ይዞራል፤ የኋለኛውም እንደዚያው። ሁሉንም በአንድ ቀን ልሞክር ያለ ሰው ምስሉ የት እንደገባ ሳይገባው ይመሽበታል። የኔ ምክር አጭር ነው። ሁሉንም ዜሮ ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ ፎቶው የጠየቀውን አንድ እንቅስቃሴ ብቻ፣ የጠየቀውን ያህል ብቻ ስጡት። ከቤት ውጭ የሚነሳ አብዛኛው ፎቶ ከሁለት ነገር በላይ አይጠይቅም፤ ሌንሱን ጥቂት ከፍ ማድረግና ሌንሱን ጥቂት ማዘንበል።

እዚህ ያሉት ቁጥሮች ለ4 በ 5 ኢንች ፊልምና በአብዛኛው ለ150 ሚሊሜትር ሌንስ የወጡ ናቸው። 8 በ 10 ያላችሁ ቁጥሮቹን ትለውጣላችሁ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ካሜራው

ነገሩ ሁለት ፍሬም ነው። የፊተኛው ሌንሱን ይይዛል፣ የኋለኛው ምስሉ የሚያርፍበትን ፈዛዛ መስታወት። በመሃላቸው ብርሃን የማያሳልፍ ወናፍ አለ። በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄደው ሞኖሬል፣ ለምሳሌ ሲናር፣ እንቅስቃሴው ሰፊ ነው፤ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ታጥፎ ሣጥን የሚሆነው የፊልድ ካሜራ፣ እንደ ሊንሆፍ ቴክኒካ ወይም ኢንትሬፒድ ያለው፣ ጀርባ ላይ በሚያዝ ቦርሳ ይገባል፤ የኋላ ፍሬሙ እንቅስቃሴ ግን የተወሰነ ነው። ለጉዞ ከሆነ የፊልድ ካሜራ ውሰዱ። ቤት ውስጥ ዕቃ ወይም ሥዕል ለምታነሱ ደግሞ ያገለገለ ሞኖሬል ይሻላል።

መስታወቱ ላይ ምስሉ ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ፣ ቀኙም በግራ። ለማቅናት አትታገሉ። ዓይን ቶሎ ይለምደዋል፤ እንዲያውም የተገለበጠ ምስል የነገሩን ማንነት አስረስቶ ቅርጹንና ሚዛኑን ያሳያል።

ሌንስ

ለመጀመሪያ አንድ 150 ይበቃል። የፊልሙ ሰያፍ 153 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ መደበኛ የሚባለው እይታ ይኸው ነው። 35 ሚሊሜትር ካሜራ የለመዳችሁ በ3.5 አካፍሉት፤ 90ው እንደ 26፣ 210ሩ እንደ 60 ይሆንላችኋል። ሁለተኛ ሌንስ ለመግዛት አትቸኩሉ። 90 ሚሊሜትር ኤፍ 8 ሌንስ (የኤፍ ቁጥር የአፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ፣ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) መስታወቱ ላይ ጨለም ይላል፣ ጥጎቹ ይደበዝዛሉ፣ ወናፉም ተጨማድዶ እንቅስቃሴ ይከለክላል። በሌላ በኩል 300 ሚሊሜትር ሌንስ ተራራ ላይ ፎከስ ለማድረግ ብቻ ቢያንስ 300 ሚሊሜትር የሚዘረጋ ወናፍ ይፈልጋል፤ ካሜራችሁ ስንት እንደሚዘረጋ ሳትለኩ ረጅም ሌንስ አትግዙ።

ከሚሊሜትሩ ቀጥሎ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ የምስል ክቡን ነው። ሌንስ ምስል የሚያሳርፈው በክብ ሲሆን ፊልሙ ከክቡ ውስጥ የሚቆረጥ አራት ማዕዘን ነው። ክቡ ፊልሙን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ሌንሱን ትንሽ ስታነሱት ጥጉ ይጠቁራል። የኒኮን 150 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6 ኒኮር ደብሊው ኤፍ 22 ላይ 210 ሚሊሜትር ክብ አለው። ይህ ማለት ፊልሙ በቁመቱ ሲቆም ሌንሱን 33 ሚሊሜትር፣ በአግድሙ ሲሆን 38 ሚሊሜትር ያህል ማንሳት ይቻላል ማለት ነው። ለአብዛኛው ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ሻተሩ፣ ብርሃን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚያስገባው መዝጊያ፣ ያለው ሌንሱ ውስጥ ነው። ኮፓል 0፣ 1 እና 3 የሚባሉት መጠኖች ሌንሱ በሚታሰርበት ሰሌዳ ላይ በቅደም ተከተል 34.6፣ 41.6 እና 65 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ ሰሌዳ ስታዙ ይህንን አትሳቱ። ያገለገለ ሻተር በቀርፋፋ ፍጥነቶቹ ላይ ይጎተታል። አንድ ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ድምፁን በስልክ ቅዱና በመክፈቻውና በመዝጊያው መካከል ያለውን ጊዜ አንብቡ። አንድ ሰከንዱ አንድ ተኩል ከሆነ ችግር የለውም፤ ማወቃችሁ ይበቃል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት የሚሆነው ግን ወደ ጠጋኝ ይሂድ።

ተጓዳኝ ዕቃ

ጥቁር ጨርቁን ከውጭ ከማዘዝ ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱ። ውስጡ ወፍራም ጥቁር፣ ውጭው ነጭ አቡጀዲ ይሁን፤ 1.2 በ 1.5 ሜትር ያህል። ነጩ ፀሐይ ይመልሳል፤ ጥቁር ብቻ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ከሥሩ አትቆዩም። ጥጎቹ ውስጥ ሳንቲም ይሰፋበት፤ ነፋስ ሲነሳ ጨርቁ ሌንሱ ላይ አይወጣም። እዚያው የልብስ ሰፊ ሜትር አንድ ግዙ፤ ወናፍ ለመለካት ከሱ የተሻለ የለም።

ከዚህ ሌላ ከ4 እስከ 8 እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ፣ ረዘም ያለ የሻተር ገመድ፣ የብርሃን መለኪያ ወይም የስልክ መተግበሪያ፣ ትንሽ ውሃ ልክ፣ አቧራ መንፊያ፣ እርሳስና ደብተር። ትራይፖዱ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ፤ ካሜራው ከነሌንሱ ሦስት ኪሎ ከሆነ እግሩ ያንን ያለ መንቀጥቀጥ መሸከም አለበት።

ፊልም መጫን

ከዋዜማው ማታ ይሠራ። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት፣ ከበሩ ሥር ፎጣ፣ ስልክ ውጭ። አሥር ደቂቃ ጨለማው ውስጥ ቆማችሁ የሚታይ ጭላንጭል ካለ ድፈኑት። መብራት የጠፋበት ሌሊት ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ባለሥራዎቹን እናመስግን።

በፊልሙ አንድ ጥግ ላይ በጣት የሚዳሰስ ቁርጥ አለ። ፊልሙን በቁመቱ ይዛችሁ ቁርጡ በላይኛው ቀኝ ጥግ ከሆነ ኢመልሽኑ፣ ብርሃን የሚቀበለው የፊልሙ ፊት፣ ወደ እናንተ እያየ ነው። ፊልሙ በሚገባበት ባለ ሁለት ፊት ጠፍጣፋ መያዣ፣ በሆልደሩ፣ ውስጥ ኢመልሽኑ ወደ ዳርክ ስላይዱ፣ ማለትም ብርሃን ወደሚከለክለው ተሳቢ ክዳን፣ መመልከት አለበት። ስታስገቡት በሁለቱም ጎን በቦዩ ውስጥ መሄዱን በጣት ፈትሹ፤ ከቦዩ በላይ የሄደ ፊልም ዳርክ ስላይዱ ሲመለስ ይጨፈለቃል። የዳርክ ስላይዱ እጀታ አንዱ ፊት ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ነው። ነጩ ወደ ውጭ ከሆነ ፊልሙ ያልተነሳበት፣ ጥቁሩ ከሆነ የተነሳበት ነው። በጨለማም እንዲታወቅ ነጩ ፊት ላይ የሚዳሰሱ ነጠብጣቦች አሉት።

በበጋ አቧራው ዋና ጠላት ነው። ሆልደሮቹን ከመጫን በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከጫናችሁ በኋላ እያንዳንዱን በፕላስቲክ ከረጢት አስገቡ። ፊልሙ ላይ ያረፈ አንድ ብናኝ ኅትመቱ ላይ በሰማዩ መካከል ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ቦታው ላይ

ትራይፖድና ጥቁር ጨርቅ ከተማ ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ይጠራል። ካሜራውን ከመዘርጋታችሁ በፊት ራሳችሁ ሄዳችሁ ሰላም በሉ፣ ፈቃድ ጠይቁ፤ የሚቻል ከሆነ መስታወቱን አሳዩአቸው። ተገልብጦ የቆመ ሕንፃ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ሰው እንዳይጋርዳችሁ የሚከላከል ረዳት ይሆናል።

ከዚያ ካሜራውን ዘርጉ፤ ሁለቱንም ፍሬም ዜሮ ላይ ቆልፉ። የኋላው ፍሬም ላይ ውሃ ልክ አስደግፋችሁ በትክክል ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጉ። ይህ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ቀሪውን ሁሉ ይወስናል፤ ምክንያቱም የነገሮች ቅርጽ የሚወሰነው በኋላው ፍሬም ነው። የፊተኛው ፍሬም ጥርት ያለው ቦታ የት እንደሚያርፍ ይወስናል እንጂ ሕንፃ አያጣምምም። ሻተሩን ለእይታ ክፈቱ፣ አፐርቸሩን በሰፊው ክፈቱ፣ ጨርቁ ሥር ግቡና ዓይናችሁ እስኪለምድ ጠብቁ።

ከፍ ማድረግ

ቸርችል ጎዳና ላይ ከአንድ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ 60 ሜትር ርቃችሁ ቆማችኋል እንበል። ሕንፃው 33 ሜትር፣ ሌንሱ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብሏል፣ ፊልሙ በቁመቱ ነው። ካሜራው ቀጥ ሲል የፍሬሙ ግማሽ አስፋልት ነው፤ ከላይ የሚታየው እስከ 25 ሜትር ተኩል ብቻ፣ ጣሪያው ተቆርጧል። ካሜራውን ወደ ላይ ብታዘነብሉ ጣሪያው ይገባል፤ ሕንፃው ግን ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። በስልክ የሚነሳ ሁሉ እንደዚያ ነው።

እዚህ ግን ካሜራው አይነካም። የፊተኛውን ፍሬም ብቻ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። መስታወቱ ላይ ምስሉ አብሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አስፋልቱ ከላይ እየወጣ፣ ከታች በኩል የተቆረጠው ጣሪያ እየገባ ይመጣል። 150 ሚሊሜትር ሌንስ በ60 ሜትር ርቀት ነገሩን 400 ጊዜ ስለሚያሳንስ እያንዳንዱ ሚሊሜትር 40 ሳንቲሜትር ሕንፃ ይጨምራል። 19 ሚሊሜትር ላይ ጣሪያው ጠርዙን ይነካል፤ 25 ላይ ከበላዩ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሰማይ ይኖራል። ግድግዳው እንደቆመ ነው።

የምስል ክቡ እንዳላለቀ ለማረጋገጥ ብዙ መስታወቶች ጥጎቻቸው ተቆርጠዋል። አፐርቸሩን ወደምታነሱበት ቁጥር ዝጉና በተቆረጠው ጥግ በኩል ወደ ሌንሱ ተመልከቱ። የአፐርቸሩ ቀዳዳ ሙሉ ሆኖ ከታየ ደህና ነው፤ የድመት ዓይን መስሎ ከጠበበ ጥቂት ዝቅ አድርጉ። የካሜራው ማንሻ አልበቃ ካለ ደግሞ ካሜራውን በሙሉ ወደ ላይ አዘንብሉና ሁለቱንም ፍሬሞች መልሳችሁ ቀጥ አድርጓቸው፤ ውጤቱ ያው ከፍ ማድረግ ነው።

ወደ ጎን ማንሸራተት ያው እንቅስቃሴ ተጋድሞ ነው። ዋና ጥቅሙ መስታወት ያለበትን ነገር ሲያነሱ ይታያል። በመስታወት የተሸፈነ ሥዕል ፊት ለፊት ብትቆሙ የራሳችሁ ነጸብራቅ ይገባል፤ ካሜራውን ወደ ግራ ወስዳችሁ ፊልሙን ከሥዕሉ ጋር ትይዩ አድርጉና ሌንሱን ወደ ቀኝ አንሸራቱ። ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ እናንተ የላችሁም።

ማዘንበል

ሰዎች በጣም የሚፈሩት ይህንን ነው፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት ከመጠን በላይ በማዘንበል ነው። ሕጉን የምናውቀው ፎቶ ከባሉን እያነሳ ለማስተካከል ይሠራ በነበረው ኦስትሪያዊ መኮንን በቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ፈረንሳዊው ጁል ካርፓንቲዬ በ1901 ቀድሞት ነበር። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የፊልሙ፣ የሌንሱና ጥርት እንዲል የምትፈልጉት ሜዳ ዝርግ ፊቶች ቢዘረጉ በአንድ መስመር ላይ መገናኘት አለባቸው። ሦስቱ ትይዩ ከሆኑ ጥርት የሚለው እንደ ግድግዳ የቆመ ዝርግ ነው፤ ሌንሱ ወደ ፊት ካዘነበለ ያ ግድግዳ ይጋደማል።

ከየረር ተራራ ሥር ያለ የጤፍ ማሳ ውሰዱ። ከእግራችሁ ሥር ያለው ዘለላና ተራራው ሁለቱም ጥርት እንዲሉ ትፈልጋላችሁ። ያለ ማዘንበል አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 45 ብትዘጉ ሻተሩ ይረዝማል፤ ጤፍ ደግሞ ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። ሌንሱ ከመሬት 1.8 ሜትር፣ ጤፉ 80 ሳንቲሜትር ቢሆን ከጤፉ ጫፍ እስከ ሌንሱ 1 ሜትር አለ። የሌንሱን ሚሊሜትር ለዚህ ከፍታ አካፍሉና በ57 አባዙት፤ 150 ለ 1,000፣ ሲባዛ 8.5 ዲግሪ። መነሻችሁ ይህ ነው። ከመሬቱ ሳይሆን ከጤፉ ጫፍ መለካታችሁን ልብ በሉ፤ ተመልካቹ የሚያየው ጫፉን ነው።

አሁን በሉፕ አረጋግጡ፦

1. መስታወቱ ታች ላይ ያለውን ተራራ ጥርት አድርጉ።
2. ሉፑን ወደ መስታወቱ ላይኛ ጫፍ፣ ወደ ቅርቡ ጤፍ፣ ውሰዱ።
3. ጤፉ ጥርት እንዲል ወናፉ መርዘም ካለበት ማዘንበሉ አንሷል፤ ማጠር ካለበት በዝቷል።
4. ግማሽ ዲግሪ ያህል አስተካክሉና ከተራራው እንደገና ጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል።

ሲሳካ በኤፍ 22 ሩብ ሰከንድ የሚፈልገውን ብርሃን በኤፍ 11 በ1/15 ታነሱታላችሁ፤ ዘለላውም ይቆማል።

ማዘንበል የማይሠራበት ቦታም አለ። ቅርብ ላይ የቆመ ዛፍ ወይም ሰው ካለ እግሩ ጥርት ብሎ ራሱ ይደበዝዛል፤ የተጋደመው ዝርግ በእግሩ በኩል ስለሚያልፍ። እንደዚያ ሲሆን ወደ ዜሮ ተመለሱና አፐርቸር ዝጉ።

ሌንሱን ወደ ጎን ማዞር ይህንኑ ለቆመ ነገር ማድረግ ነው። የጎንደር ፋሲል ግቢን 900 ሜትር ገደማ የሚረዝም አጥር በቀኛችሁ አድርጋችሁ በርዝመቱ ስታነሱ ሌንሱን ጥቂት ወደ አጥሩ አዙሩት፤ ከቅርቡ ድንጋይ እስከ ሩቁ ጥርት ይላል። የኋላውን ፍሬም ማዘንበልም ያው ጥርት የማድረግ ሥራ ይሠራል፤ ግን ቅርጽ ይለውጣል። ላይኛው ጫፉ ወደ እናንተ ሲያዘነብል ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ይገዝፋል። ለመሬት ገጽታ አንዳንዴ ያምራል፤ ሕንፃ ካለበት አትንኩት።

ስንት ላይ ልዝጋ?

ከሚፈለገው ነገር ሁሉ ቅርቡን ፎከስ አድርጉና ሐዲዱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ሩቁን። በምልክቶቹ መካከል ያለውን ሚሊሜትር በ5 አባዙ፤ ቢያንስ የሚያስፈልጋችሁ የኤፍ ቁጥር ነው። 4 ሚሊሜትር ከሆነ 20፣ ማለትም ኤፍ 22። ፎከሱን በሁለቱ ምልክቶች መካከል ላይ ቆልፉ። ይህ ስሌት ፊልሙ ላይ 0.1 ሚሊሜትር ብዥታን እንደ ጥርት ይቆጥራል፤ ትልቅ ለማተም ካሰባችሁ አፐርቸሩን አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንስ አንድ ደረጃ፣ ጨምራችሁ ዝጉ። ከኤፍ 32 በላይ ግን ብርሃኑ ራሱ በጠባቡ ቀዳዳ ስለሚበተን ሁሉም ነገር ጥቂት ይለሰልሳል።

የብርሃን ሒሳብ

ቅርብ ነገር ስታነሱ ወናፉ ይረዝማል፣ ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል። በልብስ ሰፊው ሜትር ከሌንስ ሰሌዳው እስከ መስታወቱ ለኩ፣ ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ። 210 ሲካፈል ለ150፣ 1.4 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 2፤ ብርሃኑን ሁለት እጥፍ፣ ማለትም አንድ ስቶፕ፣ ጨምሩ። 300 ከሆነ አራት እጥፍ፣ ሁለት ስቶፕ። ነገሩ ከ1.5 ሜትር በላይ ከራቀ ጭማሪው ከሲሶ ስቶፕ አይበልጥም፤ እኔ እዚያ ላይ አልጨነቅም።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ዓይነት ጨለማ ሲገጥም ፊልሙ ራሱ ይሰንፋል። ለኢልፎርድ ኤፍ ፒ 4 ፕላስ አምራቹ የሚሰጠው ቀመር መለኪያው ያነበበውን ሰከንድ ወደ 1.26 ኃይል ማሳደግ ነው። መለኪያው 10 ካለ 18፣ 30 ካለ 73 ሰከንድ ያህል። ለኤች ፒ 5 ፕላስ ኃይሉ 1.31 ነው፤ 10 ሰከንዱ 20፣ 30ው 86 ይሆናል። ከአንድ ሰከንድ በታች ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ማንሳት

ቅደም ተከተሉን ድምፅ አውጥታችሁ እየጠራችሁ ሥሩ። ሰው ቢስቅ ይሳቅ፤ ፊልም ውድ ነው።

1. ብሎኖቹን ሁሉ ቆልፉ፤ ከቆለፋችሁ በኋላ ፎከሱን እንደገና በሉፕ እዩ። ሲቆለፍ የሚንሸራተት ካሜራ ብዙ ነው።
2. ለእይታ የከፈታችሁትን ሻተር ዝጉ። አፐርቸሩንና ፍጥነቱን አስገቡ።
3. ሻተሩን ወጥሩና ባዶውን አንድ ጊዜ ተኩሱ። ከፊት ሆናችሁ መክፈት መዝጋቱን እዩ፤ ከዚያ እንደገና ወጥሩ።
4. መስታወቱን በአንድ እጅ እየከፈታችሁ ሆልደሩን በሌላው አስገቡ። ጠርዙ ከካሜራው ቦይ ጋር ቅርቅር ማለቱን በጣት ፈትሹ፤ ካልገጠመ ብርሃን ይገባል።
5. ወደ ሌንሱ የሚያየውን ዳርክ ስላይድ ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ጥቁር ጨርቁን ሆልደሩ ላይ ጣሉ፤ ፀሐይ በስንጥቅ እንዳትገባ።
6. ወናፉ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ነፋሱ ሲያርፍ በገመዱ ተኩሱ። ገመዱ መወጠር የለበትም።
7. ዳርክ ስላይዱን ጥቁሩ ፊት ወደ ውጭ ሆኖ መልሱት፣ በመቆለፊያዋ ቆልፉት፣ ከዚያ ብቻ ሆልደሩን አውጡ።
8. የሆልደሩን ቁጥር፣ የኤፍ ቁጥሩን፣ ሰከንዱን፣ የሌንሱን ከፍታና ዲግሪውን ጻፉ።

ፎቶው ዋጋ ካለው የሆልደሩን ሌላ ፊትም በዚያው ብርሃን አንሱበት። አንዱ ሲታጠብ ቢበላሽ ሌላው አለ፤ የመጀመሪያው ፈዝዞ ከወጣም ሁለተኛውን ረዘም አድርጎ ማጠብ ይቻላል።

ከውጭ አገር ፊልም ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንዳንድ አየር ማረፊያዎች የገቡት ሲቲ ስካነሮች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ፤ በእጅ እንዲፈተሽላችሁ ረጋ ብላችሁ ጠይቁ። ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አታስገቡት። የሉህ ፊልም ሣጥን ከተከፈተ በውስጡ ያለው ሁሉ አለቀ፤ ስለዚህ ክዳኑ ላይ በትልቁ «ብርሃን አይንካው፣ አይከፈት» ብላችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለጥፉ፤ ፈታሹ ሣጥኑን ሲይዝም ከአጠገቡ አትራቁ።